ከኑዊራ ቀሚስ የተፈታው ክር

አክስቴ አንባርካ የእህቴን የሰርግ ቀሚስ ስታፈርስ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። በወሬ የሰማሁት አይደለም።

ቀትር ነበር። ወንዶቹ ከቴምር ማሳው ተመልሰው፣ በልተው ጠጥተው ጥላ ውስጥ ተዘርረዋል። በዚያ ሰዓት ሲዋ ውስጥ፣ በግብፅ በረሃ መሀል ባለችው አገራችን፣ አህያ እንኳን ጆሮዋን አታነቃንቅም። እኔ ግን የስምንት ዓመት ቀዥቃዣ ነበርኩ፤ የቀትር እንቅልፍ ቅጣት ይመስለኝ ነበር። ቀስ ብዬ ወደ ዕቃ ቤቱ ሄድኩና በበሩ ስንጥቅ አጮለቅኩ። አክስቴ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ጥቁሯን ቀሚስ ጭኗ ላይ አንጥፋ፣ በቴምር እሾህ ጥልፏን እየፈለቀቀች ክሩን ትመዛለች። ቀዩን መዝዛ በጣቷ ላይ ጠመጠመችው። ከዚያ ቢጫውን። ከዚያ አረንጓዴውን። ፊቷ ላይ ሐዘን የሚባል ነገር የለም። አንዳንዴ እንዲያውም ታንጎራጉራለች።

ያቺ ቀሚስ የአያቴ የኑዊራ ነበረች። ከአንገቷ ሥር ተነስታ በደረትና በሆድ ላይ የምትበተን ፀሐይ ተጠልፎባታል፤ ጨረሮቿ ቴምር ከጥሬነቱ እስኪበስል የሚያልፍበትን ቀለም ሁሉ የያዙ ናቸው፤ በየመሀሉ የዛጎል ቁልፎች ተሰክተዋል። አያቴ አግብታባታለች። አክስቴም አግብታባታለች። የእናቴ ቀሚስ እናቷ ቤት ለእህቶቿ ስለቀረች፣ የእኛን ቤት ሴቶች የምትድረው ይህችው የኑዊራ ቀሚስ ነበረች፤ ከቴምር መኸር በኋላ ደግሞ ተራው የታላቅ እህቴ የሐሲና ነበር። እኛ ልጆች ስለ እንዲህ ያለ ቀሚስ የምናውቀው አንድ ነገር አለ፤ ከላይዋ ላይ አንዲት ጨረር ከወጣች የሙሽራይቱ ዕድል በዚያች ቀዳዳ ሾልኮ ይሄዳል። አክስቴ የሐሲናን ዕድል በእሾህ እየጎለጎለች ነበር።

ነገሩ የጀመረው በታናሽ ወንድሜ መወለድ ነው። እናቴ ምጥ ጠንቶባት አዋላጇ እጇን ስትሰጥ፣ በሰፈሩ የተገኘው መኪና የሐጅ ሸዕባን ፒካፕ ብቻ ነበር። ሐጅ ሸዕባን ካይሮ አጠገብ ያለችው የከርዳሳ ሰው ነው፤ ጨርቃ ጨርቅ ጭኖ ይመጣል፣ አሮጌ ቀሚስና የብር ጌጥ ገዝቶ ይመለሳል። ያን ቀን ግን ጭነቱን ሁሉ ግቢያችን ውስጥ ዘርግፎ ፍራሽ አነጠፈና፣ ያንን አሸዋ የበላው መንገድ ሆስፒታል እስካለበት እስከ መጥሩህ ከተማ ድረስ ሳያርፍ ነዳው። አዋላጇ ክፉ ዓይን እንዳያገኛት ብላ እናቴን በኑዊራ ቀሚስ ሸፍናት ነበር። ወንድሜ መጥሩህ ላይ በሰላም ተወለደ። ስሙም ሸዕባን ተባለ፤ እስከ ዛሬ "ፒካፑ" እያልን እንቀልድበታለን።

ሲመለሱ አባቴ ዑምራን የሰፈሩን ወንዶች ሰብስቦ በግ አረደ። እኔ ሻይ አመላልስ ስለነበር ሁሉንም ሰምቻለሁ።

"ሐጅ ሸዕባን" አለ አባቴ፣ ድምፁ እየተሰበረ፤ "ከቤቴ ዓይንህ ያረፈበትን ጠይቀኝ። እምቢ ካልኩህ ይሄ ጢሜ ይላጭ!"

"ተው እንጂ ሼኽ ዑምራን፣ እኔ ምን አደረግኩ? መኪናዋ ናት የሄደችው።"

"ጠይቀኝ አልኩህ!"

ሐጅ ሸዕባን ጉሮሮውን ጠራረገ። "እንግዲህ ካልክስ… ያቺን ሚስትህን የሸፈኗትን ጥቁር ቀሚስ።"

አባቴ አፉን ከፍቶ ቀረና ሳቁን ለቀቀው። ምስኪን፣ አህያችንን ይጠይቀኛል ብሎ ሲንቀጠቀጥ ነበር የቆየው። "ቀሚስ? ቀሚስ ብቻ? ቀሚስማ ያንተ ናት!"

ወንዶቹ ሁሉ አጨበጨቡ። ሲዋ ውስጥ ይህን ስህተት የሚሠራ ወንድ ብቻ ነው። ከግድግዳው ማዶ ግን የእናቴ እጅ ላይ የነበረው ሳህን ወድቆ ሲሰበር ሰማሁ።

ማታ እናቴ አራስ መኝታዋ ላይ ጋደም ብላ፣ "አህያዋን በሰጠኸው ይሻል ነበር" አለችው።

"ሰልማ፣ ቃል ወጥቷል።"

"የማንን ቀሚስ ነው የማን ቃል የሚሰጠው? ልጄ በባሏ ዘመዶች ፊት ምን ለብሳ ልትቆም ነው? ጆንያ?"

"የእናቴ ቀሚስ አይደለች እንዴ?"

"የእናትህ ናት! ያንተ ናት ያለህ ማን ነው?"

አባቴ ቃሉን ቢያጥፍ ዳግመኛ ከወንዶች መሀል ቀና ብሎ አይቀመጥም፤ ቃሉን ቢጠብቅ ልጁ ያለ ፀሐይ ትዳራለች። ሁለቱንም ያውቃል። ሐሲና ጥግ ላይ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ታለቅሳለች። ያን ጊዜ ነው አክስቴ አንባርካ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ የተናገረችው።

"መቼ ነው የሚወስዳት?"

"ከመኸር በኋላ ልመለስ ብሏል።"

"እሺ። ይወስዳል በለው።"

እኔ ጥርሴን ነከስኩባት። አክስቴ ባሏ ከሞተ ጀምሮ እኛ ጋ ነው የምትኖረው፤ ሐሲናን ጥልፍ ስታስተምራት መርፌዋን አጣመምሽ ብላ ጣቷን ትመታታለች። ጠላታችን እቤታችን ውስጥ እንደምትበላ ያን ማታ ገባኝ።

እኔ በበኩሌ ሐጅ ሸዕባንን እወደው ነበር። ከመጥሩህ ሲመለስ ከጭነቱ ውስጥ አንዲት ቀሚስ መዝዞ "ይቺ ያንቺ ናት፣ ቆንጂት" ብሎ ሰጥቶኛል። በማሽን የተሰፋች ናት። ክሯ ያብረቀርቃል፣ ቁልፎቿ ፕላስቲክ ናቸው፣ ፀሐይዋም የኑዊራን ፀሐይ በሩቁ ትመስላለች። እንዲህ ዓይነቶቹን ሻሊ ከሚባለው አሮጌ ምሽግ ሥር ካለው የእንግዳ ማረፊያ ፊት ለፊት ደርድሮ ለፈረንጆች ይሸጣል። "የእናቴ የሰርግ ቀሚስ ናት፣ ወላሂ!" ይላቸዋል። የሐጅ ሸዕባን እናት ስንቴ እንዳገባች አላህ ይወቀው። ለእኔ ግን የእኔዋ ከኑዊራ ቀሚስ በብዙ ትበልጥ ነበር። አያቴ ለብሳው የደበዘዘ ክር የት፣ የእኔ የሚንቦገቦገው የት! ለብሻት እየተሽከረከርኩ አክስቴ ፊት ቆምኩ።

አክስቴ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "ይቺ ፀሐይ ናት? የተፈነከተ እንቁላል ናት እንጂ።"

"ምቀኛ" አልኩ በሆዴ። እሷ ግን ጠራችኝና ክሯን በጣቶቿ መሀል አሸት አደረገችው። ከዚያ በጣም የተለሳለሰ ድምፅ አወጣች።

"ሰዕዲያዬ፣ አንቺ ገበያ ለገበያ የምትዞሪ አይደለሽም? ሐጅ ሸዕባን አሮጌ ቀሚስ ሲገዛ እንዴት ነው የሚያየው? እስቲ አሳዪኝ።"

እኔን ሰው መስለሽ አሳዪ ካሉኝ ማን ሊያቆመኝ! ሆዴን ነፋሁ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ አውራ ጣቴን ምራቅ አስነካሁና ቀሚሴ መሀል ላይ፣ ከአንገት በታች ቀጥ ብላ የምትወርደውን ጨረር አሸሁ። ከዚያ ጣቴን አሽትቼ "አላህ! አላህ!" አልኩ።

"ሁልጊዜ እዚያችው ላይ ነው?"

"ሁልጊዜ።"

አክስቴ ግንባሬን ሳመችኝ። ስትስመኝ የመጀመሪያዋ ስለነበር ግንባሬን በእጄ ጠረግኩት።

በሳምንቱ የእኔ ቀሚስ ጠፋች። አህያ በልታት ይሆናል አሉኝ። እኔም አህያዋን ስከታተልና ስረግማት ሰነበትኩ። ከዚያ ነው እንግዲህ በዕቃ ቤቱ ስንጥቅ ያየሁትን ያየሁት። ከአክስቴ ጉልበት ሥር የእኔ ቀሚስ ክሯ ሁሉ ተለቅሞ፣ ጨርቋ ብቻ ተጨማዶ ወድቋል። ማልቀስ ፈልጌ አፌን በእጄ ያዝኩት። ይህች ሴት ፀሐይ የሚባል ነገር አይቅርላችሁ ብላ ተነስታብናለች ማለት ነው።

ሮጬ ሐሲና ጋ ሄድኩ። "አክስታችን ቀሚስሽን እየፈታቻት ነው! የእኔንም ፈትታታለች!"

ሐሲና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እኔም አቅፌያት አብሬያት አነባሁ። ሐሲና ያን ቀን እየሳቀች እንደነበር የነገረችኝ አራት ልጆች ከወለደች በኋላ ነው። "ትንሽ አልቅሻለሁም" ብላኛለች፤ "አንቺ እንደዚያ ስታለቅሺልኝ ሆዴ ባባ።"

ከዚያ ቀን በኋላ ቤታችን የለቅሶ ቤት ሆነ፤ ለእኔ እንደዚያ ነው የመሰለኝ። አሥር ሰዓት ሲሆን የጎረቤት ሴቶች በሰማያዊ ነጠላቸው ተሸፋፍነው በአህያ ጋሪ ይመጣሉ። ዕቃ ቤት ይገቡና በሩን ይዘጋሉ። በስንጥቁ ሳይ ባዶውን ጥቁር ጨርቅ ከበው ተቀምጠዋል። አንዷ ዓይኗን ጨፍና፣ ጣቷን በጨርቁ ላይ እያስኬደች፣ "ቀይ… ቀይ… ብርቱካን…" ትላለች። ሌሎቹ ይተነፍሳሉ። "አይ፣ እዚህ ጋ አረንጓዴ ነበር፤ በአንባርካ ሰርግ ቀን አጠገቧ ተቀምጬ አይቻለሁ" ትላለች ሌላዋ። ዕቃ ቤቱ የወይራ ዘይት ዝቃጭ ይሸታል፤ ያለ ወቅቱ። የአክስቴም እጅ እንደዚያው ይሸታል፤ ለሬሳ ማጠቢያ የሚሆን ነገር እያዘጋጁ መሰለኝ። እናቴ ሕፃኑን አዝላ ሻይ ይዛላቸው ስትገባ ፊቷ ላይ ፈገግታ አየሁና በእሷም ተስፋ ቆረጥኩ።

ዛሬ እኔም የጥልፍ ሰው ስለሆንኩ ያየሁትን ነገር አውቀዋለሁ። ጥቁር ማቅለሚያ ጨርቁን ቀስ እያለ ይበላዋል። የኑዊራ ቀሚስ ብብቷ ሥር ተተርትሮ፣ ሙሽራ እጇን ብታነሳ እንደ ወረቀት ትቀደድ ነበር። አክስቴ ቀድሞም ለሐሲና አዲስ ጨርቅ አስመጥታ ነበር፤ የአባቴ ቃል ሥራዋን አጣደፈው እንጂ አልጀመረውም። የኑዊራን ሐር አንድ በአንድ መዝዛ በአዲሱ ጨርቅ ላይ አሳረፈችው። ክሩ ሲወጣ አንዳንዱ ቦታ ጨርቁ አብሮ ስለረገፈ፣ የቀለሙ ተራ የጠፋባትን ሴቶቹ ከሰርግ ትዝታቸው ለቅመው መለሱላት። እንዲህ ያለ ሥራ እስከ ዛሬ ድረስ አይቼ አላውቅም።

በአሮጌው ጨርቅ ላይ በቀሩት የመርፌ ቀዳዳዎች ውስጥ ደግሞ በወይራ ዝቃጭ ያደበዘዘችውን የእኔን የናይለን ክር አስገባች። የፕላስቲክ ቁልፎቹን በአሸዋ አሽታ ብልጭታቸውን ገፈፈች። ሐጅ ሸዕባን በጭነቱ ያመጣውን ፀሐይ ለራሱ እየመለሰችለት ነበር።

መኸሩ አልቆ ሐጅ ሸዕባን መጣ። ከሰርጉ በፊት ባለው ቀን ነው። በወንዶቹ ክፍል ተቀምጦ ሕፃኑን ስሙን እየጠራ ያሽሞነሙነዋል። አባቴ ገባ፤ ቀሚሷን በሁለት መዳፉ ላይ ተሸክሟታል። እኔ ሻዩን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። ክሯ ያለቀውን ቀሚስ በዓይኔ አይቼ ነበርና፣ ፀሐይዋ ተመልሳ ሳያት ትሪው ከእጄ ሊወድቅ ነበር።

ሐጅ ሸዕባን ቀሚሷን ወደ መስኮቱ ወሰዳት። ጨርቁን አሸተተው፣ ነካ ነካ አደረገው። "አሮጌ ማለት ይህ ነው" አለ በሹክሹክታ። ከዚያ ሆዱን ነፋ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ አውራ ጣቱን ምራቅ አስነክቶ የመሀሏን ጨረር አሸ።

"አላህ! አላህ! ሐር ማለት ይቺ ናት!"

አባቴ ቀሚሷን ረጅም ጊዜ ተመለከታት። ያዘነ መሰለኝ። ከዚያ ከእጁ ተቀብሎ በፍጥነት አጣጥፎ ሰጠውና፣ "እንካ፣ ብዙ ብርሃን አይንካት፤ አሮጊት ናት" አለው። ሐጅ ሸዕባን ተነስቶ የአባቴን ራስ ሳመ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። መኪናው አቧራውን አስነስቶ ሲሄድ አክስቴን ፈለግኳት። ጣሪያ ላይ ቆማ ታየዋለች።

በሰርጉ ሦስተኛ ቀን የሙሽራው ዘመዶች ሊያዩዋት መጡ። እኔ ሐሲና ጆንያ ለብሳ ስትወጣ ላለማየት ምሰሶ ሥር ተደብቄ ነበር። በሩ ተከፈተ። እህቴ ወጣች፤ ላይዋ ላይ የኑዊራ ፀሐይ ነበረች! ጨርቋ ድቅድቅ ጥቁር፣ ጨረሮቿ ያው የደበዘዙት፣ የተከበሩት፣ የአያቴ ክሮች። ያን ጊዜ ነው የእኔ የምትንቦገቦገው ቀሚስ የተፈነከተ እንቁላል መሆኗ የታየኝ። ሐሲና እጇን ወደ ላይ አነሳች፤ አንድም ስፌት አልተላቀቀም።

"ሁለት ሆነች!" ብዬ ጮህኩ። "ሐጅ ሸዕባን ወስዷት ሁለት ሆነች!"

ሴቶቹ በአንድ ጊዜ እልልታቸውን አቀለጡት። እናቴ ጭኔን እስከ ዛሬ በሚታወሰኝ አኳኋን መዘለገችኝ። በእልልታው መሀል ግን አንድ ነገር አየሁ። ከአንገቷ በታች ጨረር የሌለባት ባዶ ጥቁር ቦታ ነበረች። አክስቴ ሐሲናን አስቀምጣ መርፌና አዲስ ብርቱካንማ ክር ሰጠቻት፤ ሐሲናም በሴቶቹ ሁሉ ፊት ያቺን አንዲት ጨረር በእጇ ሞላች። "አየሽ!" አልኩ በልቤ፤ "አንዷን ሰርቃታለች፣ ለራሷ አስቀርታለች።" ከሁሉም በላይ ያበገነኝ አክስቴ ያን ሰዓት ማልቀሷ ነው።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ወንድሜን ፒካፑን ይዤ ለጉዳይ ካይሮ ሄጄ ነበር። አንድ ትልቅ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሰው ስንጠብቅ፣ በመስታወት ሣጥን፣ በመብራት ሥር የኑዊራን ጨርቅ አየኋት። "እውነተኛ ጥንታዊ የሲዋ የሰርግ ቀሚስ" ይላል ጽሑፉ። የወይራው ዝቃጭ ከናይለኑ ላይ ለቆ፣ ክሩ በመብራቱ ይንቦገቦጋል። የእኔ ቀሚስ! ዳግመኛ የማላያት መስሎኝ ያለቀስኩላት! መሀል ላይ ግን፣ ከአንገቷ በታች፣ አንዲት የማትብረቀረቅ ጨረር ነበረች። ዝም ያለች፣ የደበዘዘች፣ የአያቴ ሐር። ሳቄ አመለጠኝ፣ እንባዬም ተከተለው።

"እህት፣ መስታወቱን አትንኪ" አለኝ ጠባቂው። "እውነተኛ ዕቃ ነው።"

"ልክ ነህ ወንድሜ" አልኩት። "አንዲት ጨረር ያህል።"

አክስቴ ያን ጊዜ አርጅታ፣ ዓይኗ ፈዝዞ ነበር። ሲዋ ስመለስ እግሯ ሥር ተቀመጥኩ።

"ብትቀደድስ ኖሮ? ያንን የበሰበሰ ጨርቅ እንዴት አምነሽ ሰጠሽው?"

"እሱ የሚሸጣት ለሚሰቅላት ሰው ነው፤ ግድግዳ ደግሞ እጁን አያነሳም።"

"ያቺን አንዷን ጨረር ለምን ተውሽለት?"

"የአባትሽ ቃል እስከ ጫፉ ውሸት እንዲሆን አልፈለግኩም። ወንድሜ ነው።"

"ወይስ ሐጅ ሸዕባን በአውራ ጣቱ እዚያች ላይ ስለሚፈትን?"

አክስቴ ጥርስ በሌለው አፏ እስክትንፈራፈር ሳቀች። "ያሳየሽኝ ማን ሆነና!"

አባቴንም ጠየቅኩት። ገና ቀሚሷን ከአክስቴ እጅ ሲቀበላት የወይራው ሽታ እንደነገረው፣ ደግሞም ያንን የሚያብለጨልጭ ክር እኔ ላይ ሲሽከረከር ደጋግሞ አይቶት እንደነበር ነገረኝ። "ቃሌን አዳነችልኝ፣ ልጄንም ዳረችልኝ" አለ። "ታዲያ አፌን ከፍቼ ምን ልበል?" ሁለቱም ዛሬ የሉም። እንደ አክስቴ ዓይነት እጅ ሲዋ ዳግመኛ ታፈራ እንደሆን አላውቅም፤ እስካሁን ግን አላየሁም።

ያቺ የመሀል ጨረር የሙሽራይቱ ሆና ቀረች። እኔ ሳገባ የሐሲናን ብርቱካንማ ክር መዝዘው የራሴን አስጠለፉኝ። ጎረቤቶቻችንም እኛን አይተው እንደዚያው ማድረግ ጀመሩ። አሁን እንግዳ ሲጠይቅ ልጃገረዶቻችን "ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነው" ብለው ይመልሳሉ። እኔ እሰማና መርፌዬ ላይ አጎነብሳለሁ።

ዘንድሮ ደግሞ ተራው የትልቋ ልጄ የሱመያ ነው። ባለፈው ሳምንት ስትለካት ብብቷ ሥር ጨርቁ ትርር ብሎ ተተረተረ። ጥቁሩ በልቶታል። ስለዚህ ትናንት ቀትር ላይ፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ፣ አዲሱን ጨርቅ ከጎኔ አስቀምጬ፣ ቀሚሷን ጭኔ ላይ አንጥፌ፣ የቴምር እሾህ ይዤ የመጀመሪያዋን ቀይ ክር መዘዝኩ።

ቀና ስል በሩ ላይ ትንሿ ልጄ ኑዊራ ቆማለች። እንቅልፍ የማያውቃት የስምንት ዓመት ቀዥቃዣ። ዓይኗ በጥላቻ ሞልቷል። ያንን ዓይን አወቅኩት።

"ለምንድን ነው የእህቴን ቀሚስ የምታፈርሻት?" አለችኝ።

ላስረዳት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ተጠግቼ ምንጣፉ ላይ ቦታ ለቀቅኩላት፣ የቀዩን ክር ጫፍ በትንሽ ጣቷ ላይ ጠመጠምኩላት።

"ነይ፣ ቁጭ በይ" አልኳት። "ቀስ ብለሽ ሳቢ፤ እንዳይበጠስብን።"